አህመዳባድ ሦስት ቀን፣ ያውም በጾም፦ ምን ልይ? ምን ልብላ?

የሽሮሜዳዋ

ሰላም ለዚህ ቤት። ታኅሣሥ ላይ ለጨርቅ ግዢ ሙምባይ እሄዳለሁ። ሥራዬን ከጨረስኩ በኋላ ሦስት ቀን ይተርፈኛል። ያማከርኩት ሰው ሁሉ «ታጅ ማሃልን ሳታዪ እንዳትመለሺ» ይለኛል። አግራ ግን ከሙምባይ ሩቅ ነው። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ፎቶውን ከማየቴ ብዛት የሄድኩበት ያህል ሰልችቶኛል።

ጨርቅ የሚሸጥልኝ ሰውዬ የአህመዳባድ ልጅ ነው። ስለ ዋጋ ልንነጋገር እደውላለሁ፣ እሱ ስለ ቁርስ አውርቶ ይዘጋል። «በፈጣኑ ባቡር አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ሄደሽ ብዪ» አለኝ። ልቤ ወደዚያ አደላ።

ችግሩ፣ ጊዜው የነቢያት ጾም ነው። ጉጃራቶች አብዛኞቹ ሥጋ አይበሉም ሲባል ሰምቼ «በቃ፣ ከተማው ሙሉ የጾም ቤት ነው» ብዬ ደስ ብሎኛል። ልክ ነኝ? የሄደ ሰው ካለ ምን ማየት፣ ምን መብላት እንዳለብኝ ቢነግረኝ።

ቅመም ተራ

እህቴ፣ ላሳዝንሽ ነው። ሥጋ የለም ማለት ጾም ነው ማለት አይደለም። የጉጃራት ሰው ሥጋውን ተወ እንጂ ላሟን አልተወም። ቂጣው ከምጣድ ሲወርድ ንጥር ቅቤ ይቀባል። ሻዩ በወተት ይፈላል። ከምሳ ጋር አሬራ ይጠጣሉ፣ ጨውና ከሙን ነስንሰውበት። ቻስ ይሉታል። ዶክላ የሚባለው በእንፋሎት የሚበስለው ለስላሳ ምግባቸው እንኳ ብዙ ጊዜ እርጎ ይገባበታል። ህንድን ሙሉ ያዳረሰውን አሙል ቅቤ የሚያመርተው የገበሬዎች ማኅበር የተጀመረው ከአህመዳባድ ብዙም በማትርቀው በአናንድ ነው፣ በ1946 (የምጽፋቸው ዓመቶች የፈረንጅ ናቸው)። እንግዲህ የምትሄጂው ወደ ቅቤው መንደር ነው።

ደግሞ «ጾመኛ ነኝ» እንዳትዪ። እኔ ብዬ አይቻለሁ። የእነሱ ጾም ሌላ ነው። ለሂንዱ ጾመኛ የሚቀርበው «ፋራሊ» ይባላል፤ እህል የለበትም፣ ድንች አለው፣ እርጎ አለው። የጄይን ሃይማኖት ተከታዮች ደግሞ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ከመሬት ሥር የሚወጣ ነገር አይበሉም፤ ቅቤ ግን ይበላሉ። እና አስተናጋጁ አዝኖልኝ ሽንኩርቱን በሙሉ አውጥቶ፣ ቅቤውን እጥፍ አድርጎ አመጣልኝ።

የሚያዋጣው አንድ በአንድ መናገር ነው። «ቢና» ማለት ያለ ማለት ነው። ቢና ጊ፣ ያለ ንጥር ቅቤ። ቢና ማካን፣ ያለ ለጋ ቅቤ። ቢና ዳሂ፣ ያለ እርጎ። ቢና ዱድ፣ ያለ ወተት። አራቱን በወረቀት ጽፈሽ ያዢ። እንደ ዳዊት ትደግሚያቸዋለሽ።

የቀድሞ ተማሪ

ሁለት ዓመት ኖሬባታለሁ፣ ስለዚህ ትንሽ ልዘባርቅ።

አህመዳባድ ውስጥ ምግብ የሰዓት ጉዳይ ነው። ይህን ያልያዘ ሰው ተርቦ ይመለሳል። የጠዋቱ ምግብ ከሰዓት በኋላ የለም፣ የማታው ጠዋት የለም። ጠዋት፣ በተለይ እሑድ፣ ፋፍዳ ነው። ከሽምብራ ዱቄት ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ለአንቺ ሩቅ አይደለም። ሰውዬው ሊጡን ጣውላ ላይ ያስቀምጥና በመዳፉ ግርጌ ጫን አድርጎ ወደ ፊት ይገፋዋል። ሊጡ እንደ ጥብጣብ ቀጥኖ ይሳባል። ከዚያ በቢላ ከሥሩ ላጥ አድርጎ ዘይት ውስጥ። አንዱን ለማውጣት ሦስት ሰከንድ አይፈጅበትም፣ እጁን አያየውም እንኳ፣ ከደንበኛ ጋር እያወራ ነው። ስትነክሺው ነጭ አዝሙድ ይሸትሻል። በጋዜጣ ላይ፣ በእርድና በሰናፍጭ ከተነካካ ጥሬ የተፈቀፈቀ ፓፓያ ጋር፣ ጨው ከተነሰነሰበት የተጠበሰ ቃሪያ ጋር ይሰጥሻል። ሰዉ አጠገቡ ጃሌቢ ያስቀምጣል፣ ያ ሽሮፕ የጠጣው ብርቱካንማ ጥምዝምዝ። ጨው፣ ስኳር፣ ጨው፣ ስኳር እያደረጉ ነው የሚበሉት። ጃሌቢው ብዙ ቦታ በንጥር ቅቤ ስለሚጠበስ አንቺ ፋፍዳው ላይ ቁሚ።

ግን አንድ ጥያቄ፦ እስከ ስንት ሰዓት ነው የምትጾሚው?

የሽሮሜዳዋ

እስከ ስድስት ሰዓት። ከዚያ በፊት ውሃም አልቀምስ።

የቀድሞ ተማሪ

እንግዲያው ፋፍዳው አመለጠሽ። በጣም አዝናለሁ፣ የምሬን ነው። አንዳንድ ቤት ቀኑን ሙሉ ያቆያል፣ ግን የቀዘቀዘ ፋፍዳ ካርቶን ነው።

ማታውን ግን ማንም አይወስድብሽም። ማኔክ ቾክ የሚባል አሮጌው ከተማ ውስጥ ያለ አደባባይ አለ። ጠዋት ሄደሽ ብታዪው ሰው ሣር ገዝቶ ላም ያበላበታል፣ አትክልት ይሸጥበታል። ቀን የወርቅና የብር ገበያ ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ወርቅ ቤቶቹ ብረት በራቸውን ያወርዳሉ፣ እና እዚያው በራቸው ላይ ምድጃ ይተከላል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ አደባባዩ በፕላስቲክ ወንበር ይሞላል። እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ሕፃን ያቀፈች እናት፣ አያት፣ ሙሽራ ሳይቀር ታያለሽ። ሌሊት ከቤተሰብ ጋር ወጥቶ መብላት እዚያ ነውር የለውም።

እዚያ ያለው ግን በአብዛኛው ቅቤና አይብ ነው። ፓቭ ባጂ የሚባለው የተፈጨ የአትክልት ወጥ ሰፊ ምጣድ ላይ ሲሠራ የሚገባውን ቅቤ ካየሽ ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ። የአናናስ ሳንድዊች የሚባል ጉድም አለ፤ ዳቦ፣ ቅቤ፣ ማርማላታ፣ አናናስ፣ ከላዩ ዳቦው እስከማይታይ ድረስ የተፈቀፈቀ አይብ። ብዙ ሰው ይሳለቅበታል። እኔ ፈተና ባለፍኩ ቁጥር እበላው ነበር፣ አላፍርም። ባጂውን ግን «ቢና ማካን» ብለሽ ብቻውን በዘይት ማሠራት ትችያለሽ። ሰውዬው ሁለቴ ይጠይቅሻል። ሁለቴ መልሺለት።

መንገደኛ 47

ይቅርታ አድርጉልኝና ህንድ ሄዶ ታጅ ማሃልን ትቶ ሳንድዊች ፍለጋ አህመዳባድ? ላሊበላን ትቶ ለምሳ ዱከም እንደማለት ነው።

የቀድሞ ተማሪ

ዱከም ጥብስ አለ እኮ።

ደግሞ ስሚ፣ ከተማዋ ዝም ብላ አይደለችም። በ1411 በሱልጣን አህመድ ሻህ የተቆረቆረች ናት፣ አሮጌው ክፍሏ በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ለእኛ ግን ከሁሉም በላይ አንድ ነገር አላት፣ ለዚያ ብቻ ብትሄጂ አይቆጭሽም፦ የሲዲ ሰይድ መስጊድ። ያሠራው ሐበሻ ነው።

መኪና በሚጋፋበት አደባባይ መሐል የቀረ ትንሽ መስጊድ ነው። ከሩቅ ሲያዩት «ለዚህ ነው ያመጣኸኝ?» ያሰኛል። ምዕራባዊው ግድግዳ ላይ ግን ከድንጋይ የተፈለፈሉ መስኮቶች አሉ፣ ጃሊ ይሏቸዋል። በአንደኛው ላይ አንድ ዛፍ አለ። ቅርንጫፎቹ ይወጣሉ፣ ይጠመዘዛሉ፣ አንዱ ባንዱ ሥር ያልፋል፣ መሐላቸው ዘንባባ ቆሟል። ይኼ ሁሉ ድንጋይ ነው። ጥልፍ ነው የሚመስለው። እኔ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ነበር የገባሁት፤ ፀሐይ ከኋላው ስትመጣ ቅርንጫፉ ሁሉ ወለሉ ላይ ተነጥፏል። አንድ ሽማግሌ ጥላው ላይ ተቀምጠው ቁርኣን ይቀራሉ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። «ኢትዮጵያ፣ ሐበሽ» አልኳቸው። በጣታቸው ወደ ዛፉ አመለከቱና ሳቁ። ሌላ ምንም አልተናገሩም።

የከተማዋ ምልክት ሆኗል። ታዋቂው የማኔጅመንት ተቋማቸው እንኳ ዓርማውን የወሰደው ከዚህ መስኮት ነው።

አራት ኪሎ ቤተ መጻሕፍት

ልጆች፣ ጥሩ ነገር አንስታችኋል፣ ግን አናጋንን። «ሐበሺ» የሚለው ስም በዚያን ዘመን ህንድ ውስጥ ከቀይ ባሕር ማዶና ከምሥራቅ አፍሪካ ለመጡ ብዙ ሕዝቦች ይሰጥ ነበር። ብዙዎቹ በባርነት ተሽጠው የሄዱና ወታደር የሆኑ ናቸው። አንዳንዶቹ የጦር አዛዥ፣ ባለሀብት እስከ መሆን ደርሰዋል። ሲዲ ሰይድም በአንድ ሐበሺ የጦር አለቃ ዘንድ የኖረ ሰው ነበር። መስጊዱ የተሠራው በ1572 እና 73 ግድም ነው፣ ልክ የጉጃራት ሱልጣኔት በሞጉሉ ንጉሠ ነገሥት በአክባር እጅ በወደቀበት ሰዓት። ድንጋዩን የፈለፈሉት ግን የጉጃራት ጠራቢዎች ናቸው። እጁ የእነሱ ነው፣ ገንዘቡና ሐሳቡ የእሱ።

የሽሮ ሜዳዋ ልጅ የጨርቅ ነጋዴ ከሆነች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ከጉጃራት ወደቦች የሚጫን የጥጥ ጨርቅ ለዘመናት በምጽዋ በኩል አገራችን ይገባ ነበር። ስለዚህ ንግዱን የጀመርሽው አንቺ አይደለሽም።

የሽሮሜዳዋ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ለጨርቅ ሻጬ እነግረውና ዋጋ አስቀንሰዋለሁ።

ሴት ተጓዥ

ስለ መስጊዱ አንድ ነገር፦ እኔ በሄድኩ ጊዜ ሴቶች ወደ መስገጃው አይገቡም አሉኝ። አትከፊ። በጀርባው በኩል አትክልት ቦታ አለ፣ ዛፉን ከዚያ በደንብ ታዪዋለሽ። የወለሉን ጥላ ግን ለወንዶቹ ትተሽላቸው ነው።

ጨርቅ ከሆነ ሥራሽ ካሊኮ የጨርቃ ጨርቅ ሙዚየምን እንዳትስቺ። ግን ዝም ብሎ አይኬድም፤ ቀድመሽ መመዝገብ አለብሽ፣ የሚያስገቡት ጥቂት ሰው ነው፣ ፎቶም አይፈቅዱም። አሁኑኑ ጻፊላቸው። እኔ በሩ ድረስ ሄጄ ነው የተመለስኩት።

ድሬ ነኝ

ፓኒ ፑሪን የረሳችሁት ለምንድን ነው?! ቅቤ የለው፣ ወተት የለው። ሻጩን ከብበሽ ትቆሚያለሽ፣ በእጅሽ የቅጠል ጎድጓዳ ሳህን። እንደ እንቁላል ቅርፊት የምትሰባበር ትንሽ ፑሪ በአውራ ጣቱ ይበሳል፣ ድንችና ሽምብራ ይጠቀጥቃል፣ ናናና ቃሪያ ያለበት ውሃ ውስጥ ይነክርና ይሰጥሻል። አፍሽ ውስጥ በአንዴ መግባት አለባት። ለሁለት እነክሳለሁ ካልሽ ልብስሽ ላይ ነው። አኝከሽ ሳትጨርሺ ተራሽ ይደርሳል። አጠገቡ የሚያደርጉት ጣፋጭ ማባያ በሁመር ነው፣ ድሬዎች የምናውቀው ያው ሁመር። እኔ አገሬ የገባሁ መስሎኝ አሥራ ሁለት በላሁ።

ድሬ ነኝ

(በማግስቱ የሆነውን አልነግራችሁም። ውሃው የታሸገ መሆኑን ጠይቂ።)

መንገደኛ 47

ቢራስ?

የቀድሞ ተማሪ

የለም። ጉጃራት ክልል ሆና ከተመሠረተችበት ከ1960 ጀምሮ መጠጥ የተከለከለባት ናት። የውጭ ሰው ፈቃድ ማውጣት ይችላል፣ ግን ለሦስት ቀን አይደክምም።

መንገደኛ 47

ታጅ ማሃል ብያችሁ ነበር።

ቀልዱን ትቼ አንድ የሚጠቅም ነገር ልበል፣ በሥራ አንዴ አልፌባታለሁ። ካሉፑር ባቡር ጣቢያ ስትወርጂ ባጃጆች ይከቡሻል። ባጃጅ ብለሽ ብትጠሪያቸው አይገባቸውም፣ እዚያ ባጃጅ የፋብሪካው ስም ብቻ ነው፤ «ሪክሻ» በዪ። ቆጣሪ አላቸው። የእኔው ሰውዬ ቆጣሪው ተበላሽቷል አለኝ፣ ከዚያ ያልጠየቅኩት የሻርፕ ሱቅ ወሰደኝ፣ ከዚያ ለጉብኝቱም አስከፈለኝ። በስልክ መተግበሪያ ጥሪ ወይም ከነአካቴው ሜትሮውን ያዢ፣ ካሉፑር ላይ ይቆማል።

ሴት ተጓዥ

አንድ ቀን ጠዋትሽን ለአሮጌው ከተማ ስጪ። ከካሉፑር ስዋሚናራያን ቤተ መቅደስ ተነስቶ ጃማ መስጊድ አካባቢ የሚያልቅ የእግር ጉብኝት አለ፣ ከ1997 ጀምሮ የሚካሄድ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነው የሚነሳው፣ በእኛ ሰዓት። ፖል የሚባሉ ጠባብ መንደሮች ውስጥ ለውስጥ ይወስዱሻል። በር አላቸው፣ ሌሊት ይዘጋ ነበር። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚያሾልክ ምስጢራዊ መተላለፊያም አለ። እኔን የገረመኝ ቻቡትሮ የሚሉት ነው፤ በየመንደሩ መሐል እንደ መብራት ምሰሶ የቆመ፣ አናቱ ላይ ትንሽ የተቀረጸ ቤት ያለው። የወፍ መመገቢያ ነው። ሰው እህል ያወጣላቸዋል። ከተማ ሲሠሩ ወፎቹ ዛፋቸውን ስላጡ ካሣ ነው ብሎ አስጎብኚያችን ነገረን።

ጃማ መስጊድ የ1424 ነው፣ ውስጡ 260 ዓምድ። ከዚያ ማኔክ ቾክ በእግር ነው።

ከከተማ ውጭ አንድ ብቻ ካልሽ አዳላጅ ነው፣ ወደ ሰሜን 18 ኪሎ ሜትር ገደማ። የውሃ ጉድጓድ ነው፣ ግን አምስት ፎቅ ወደ ታች። በ1499 የተጠናቀቀ። ደረጃውን ስትወርጂ ሙቀቱ ላይ ይቀራል፣ ድምፅሽ ይለወጣል። ዓምዱ ሁሉ የተቀረጸ ነው። ሴቶች እንስራ ይዘው ይወርዱበት የነበረ ቦታ መሆኑን ሳስብ አያቴ ትዝ አለችኝ፣ ወንዝ ስትወርድ።

ቅመም ተራ

የጋንዲን ቤት ማንም አላነሳም። ሳባርማቲ ወንዝ ዳር ነው፣ መግቢያው ነፃ። ከ1917 እስከ 1930 እዚያ ኖረ፤ በመጋቢት 1930 የእንግሊዞችን የጨው ሕግ ለተቃወመው የጨው ሰልፍ 78 ሰው አስከትሎ በእግሩ የወጣውም ከዚያው ነው፣ ህንድ ነፃ ሳትወጣ አልመለስም ብሎ። ክፍሉ ውስጥ ዝቅ ያለች ጠረጴዛና የጥጥ መፍተያ አለ። የኛን እንዝርት ለሚያውቅ ሰው ያ መፍተያ ብዙ ይናገራል።

ጾሙን በተመለከተ ደግሞ የረሳሁት፦ ዳልቫዳ። የተከካ ማሾ ተፈጭቶ በዘይት የሚጠበስ ነው፣ ከጥሬ ሽንኩርትና ከተጠበሰ ቃሪያ ጋር። ከሰዓት በኋላ ነው የሚወጣው፣ ለአንቺ ልክ ነው። ሜቲ ጎታም አለ፣ የአብሽ ቅጠል በሽምብራ ሊጥ። እሱን ብዙ ጊዜ ከእርጎ መረቅ ጋር ነው የሚሰጡት፣ መረቁን መልሺ።

የቀድሞ ተማሪ

እና ከቻልሽ ጉዞሽን ወደ ጥር ግፊው! ገና አልፎ፣ ጾሙ ተፈትቶ፣ ጥር 6 ላይ ኡታራያን ነው። የካይት በዓል፣ በክር ታስሮ ሰማይ ላይ የሚለቀቀው ወረቀት። ከተማው በሙሉ ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ ሰማዩ ይጠፋል። የካይቱ ክር በመስታወት ዱቄት የተለበጠ ነው፣ የሌላውን ለመቁረጥ። ሰውም ወፍም ይጎዳበታል፣ ስለዚህ ያን ቀን ሞተር ላይ እንዳትወጪ። ኡንዲዩ የሚሉት የብርዱ ወቅት አትክልት ወጥም የሚበላው ያኔ ነው።

የሽሮሜዳዋ

ተመልሻለሁ! ወደ ጥር መግፋት አልቻልኩም፣ ኮንቴይነሩ አይጠብቀኝም። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ነው የሄድኩት።

ካሊኮ ሙዚየም በማስጠንቀቂያችሁ ምክንያት ገባሁ። ስለ እሱ አልጽፍም፣ ከጀመርኩ አላቆምም። ሙያዬ ነው የተቀመጠው።

ዛፉን በጀርባ በኩል አየሁት። አጠገቤ የነበሩ ልጃገረዶች ፎቶ አነሱና ሄዱ። እኔ ቅርንጫፉን በዓይኔ መከተል ጀመርኩ፣ ጥለት እንደምቆጥር። ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ ጠፋብኝ። ጋሼ፣ እጁ የእነሱ ነው ያሉት ልክ ነው፣ ግን እኔ ኮርቻለሁ፣ ምን ላድርግ።

ዳልቫዳውን ሁለቱንም ከሰዓት በላሁት። ቃሪያው ከኛ ይለዝባል። አራቱን «ቢና» በወረቀት ይዤ ዞርኩ። ማኔክ ቾክ ላይ ባጂ ሠሪው ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ፣ ለጎረቤቱ አሳየ፣ ጎረቤቱ ለሌላው አሳየ። ወረቀቴ አደባባዩን ዞሮ ተመለሰ። ከዚያ በዘይት ሠራልኝ፣ ከዳር ቆሞም እስክቀምስ ጠበቀ። ጣፍጦኛል ብዬ በምልክት ብነግረው ራሱን ነቀነቀ። አላመነኝም።

መቃብሮች መሐል ጠረጴዛ የዘረጋ ሻይ ቤት አለ ብሎኝ ነበር ሻጬ፣ ከመስጊዱ ማዶ፣ ለኪ የሚባለው። እውነት ነው። መቃብሮቹ በአጭር አጥር ተከልለው እዚያው ናቸው፣ ላያቸው ላይ አበባ ተደርጓል፣ ሰው አጠገባቸው ዳቦ በቅቤ ይበላል። እኔ ውሃ ጠጣሁ።

ቅመም ተራ

ሻይ ሳትጠጪ ከአህመዳባድ ተመለስሽ?!

የሽሮሜዳዋ

ጠጣሁ እንጂ። ጣቢያው አጠገብ ከመንገድ ዳር ሻጭ። «ቢና ዱድ» አልኩት። ማንኪያውን አስቀመጠና ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ሻይ ቅጠሉን ብቻውን አፈላልኝ፣ ዝንጅብል ጨመረበት፣ ሎሚ ጨመቀበት። ብር ልሰጠው ስል እንቢ አለ። ወረፋ የያዘ ተማሪ ነው ያስተረጎመልኝ፦ «ከታመመ ሰው ገንዘብ አልቀበልም» ብሏል።

የቀድሞ ተማሪ

ፋፍዳውስ?

የሽሮሜዳዋ

በመጨረሻው ቀን ጠዋት ገዝቼ በከረጢት ያዝኩት። ባቡር ውስጥ ስድስት ሰዓት ሲሞላ ፈታሁት። ካርቶን ነው ያልከው ልክ ነህ። አንድ ሳላስቀር በላሁት።